የዱቤ ደብተር ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

የሃያ ሁለት ማዞሪያ ባለሱቅ ለሂሳብ ሶፍትዌር ከመክፈሉ በፊት ባለሙያውን «ደንበኞቼን በምን ትለያቸዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። «በስም» ካለው ነገሩ አላማረም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ሁለት አበበ ከበደ በዱቤ ሲወስዱ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይጻፋል። ያልወሰደው ይቆጣል፤ የወሰደው ዝም ይላል። ነጋዴ ደንበኛ 10 አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው። ለሌላው ሱቁ የራሱን ቁጥር ይስጠው፤ ስልክ እንደሆነ ይለወጣል።

ሽያጭና ክፍያም በየራሳቸው ሰንጠረዥ ይቀመጡ። 30 ሺህ ብር ያለበት ሰው በሦስት ጊዜ ሲከፍል ቀሪውን ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም፣ ክርክር በተነሳ ቀን የሚያሳየው ነገር የለውም። አሮጌው ደብተር እንኳ ስርዙን ያሳይ ነበር።