ሰባቱ ኮሮች ለምን ተኙ?

ጀሞ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች ታስክ ማናጀርን ከፍተው ይሠራሉ። ባለ 8 ኮሩ ኮምፒውተር ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ ስምንቱም ግራፎች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ፋኑም ያጓራል። አንድ የቆየ ፕሮግራም ሲከፈት ግን የሲፒዩ አጠቃቀም ቁጥሩ 12 ወይም 13 በመቶ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው በአንድ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ የትእዛዝ ሰንሰለት፣ ብቻ እንዲሄድ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ አንዱን ትሬድ ቆራርጦ ለብዙ ኮር ማደል አይችልም፤ የሚያድለው ፕሮግራመሩ አስቀድሞ የከፋፈለለትን ነው። ባለ 16 ኮር ቢገዙ ቁጥሩ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል እንጂ ሥራው አይፈጥንም።

ይህ ጣጣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ኢንቴልና ኤኤምዲ ባለሁለት ኮር ቺፕ ለግል ኮምፒውተር ካቀረቡ ወዲህ ነው። አንዱን ኮር ይበልጥ ማፍጠን ሙቀቱ አልቻል ብሎ ነበርና ሸክሙ ወደ ሶፍትዌር ዞረ።

በኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ተራ አስከባሪው ስኬጁለር ይባላል። አንድሮይድ ስልኮች የተመሠረቱበት ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን የትሬዶች ሰልፍ ይሰጠዋል። ሰልፉ ለሁሉም አንድ ቢሆን ኖሮ ኮሮቹ እሱን ለመንካት ብቻ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይውሉ ነበር። ሰልፎቹ ሲለያዩ ደግሞ አንዱ ሲረዝም ሌላው ባዶውን ይቀራል፤ ስለዚህ ሥራ የፈታ ኮር ከጎረቤቱ ሰልፍ ይወስዳል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ትሬዱ ሲሠራበት የቆየው መረጃ በኮሩ ካሽ፣ ማለትም በቅርቡ ባለ ፈጣን ማህደረ ትውስታ፣ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ሌላ ኮር ሲዛወር ያንን መረጃ እንደ አዲስ መጥራት ሊኖርበት ይችላል፤ ራም ድረስ ከሄደ ደግሞ ከቅርቡ ካሽ መቶ እጥፍ ያህል ይዘገያል። አንዳንዴ መጠበቅ ከመዛወር ይሻላል ማለት ነው። ሚዛኑ ቀላል አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሊኑክስ ውስጥ ትሬዶች ተሰልፈው እየጠበቁ ኮሮች ለሴኮንዶች ሥራ እንዲፈቱ የሚያደርጉ ስህተቶች ለዓመታት ሳይታዩ መቆየታቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ስህተት ኮምፒውተሩን ስለማያቆመው ቶሎ አይነቃበትም።

ስልክ ላይ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፦ ባትሪ። ብዙዎቹ ባለ 8 ኮር ስልኮች ጥቂት ፈጣንና ብዙ ቆጣቢ ኮሮች አሏቸው። ስኬጁለሩ ቴሌግራም ከጀርባ መልእክት ሲፈትሽ ሥራውን ወደ ቆጣቢው፣ ጌም ሲከፈት ወደ ፈጣኑ ይልካል። የለቡ ስልክ ሻጭ «ኦክታ ኮር ነው» ካላችሁ፣ ፈጣኖቹ ስንት እንደሆኑ ጠይቁት።