ጥፋተኛው ምጣዱ አይደለም

በብሬከር ሳጥን ውስጥ ከሌሎቹ ሰፋ ያለች፣ ፊቷ ላይ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያላት ዕቃ አለች። አርሲዲ ትባላለች። ተራው ብሬከር ሽቦው እንዳይቃጠል ይጠብቃል፤ እሷ የምትጠብቀው ሰውን ነው። በፌዝ የወጣው ከረንት በኒውትራል ሳይጎድል መመለሱን ትቆጣጠራለች፤ 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ መስመሩን ወዲያው ትቆርጣለች። የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የእሷ ልክ የዚያ 500ኛ እጅ እንኳ አይሞላም። በአሜሪካ የዚህችን ዕቃ ዘመድ በ1961 የሠሩት የበርክሌዩ ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው እጁን ማላቀቅ የሚችልበትን ልክ በፈቃደኞች ላይ ያጠኑ ሰው ነበሩ።

ይህን ያህል ጥንቁቅ ዕቃ በየቤቱ የምታተርፈው ስም ግን «ዝም ብላ ትጥላለች» የሚል ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ምጣድ በሰኩ ቁጥር ትጥልባቸው ነበር። ምጣዱ ተፈትቶ ተሠራ፤ ያው ሆነ። አርሲዲዋ ተቀየረች፤ አዲሷም ጣለች። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ከእንጀራ ተጣልታለች፣ አውጣልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ እሷንም ምጣዱንም አይንኩብኝ፤ ሌላ ቦታ እንፈልግ» አልኳቸው። ጥፋቱ የተገኘው በረንዳ ላይ ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ ወራት ያለፈው፣ ብሬከሩም የወረደ የውጭ መብራት ውስጥ ኒውትራሉ ተልጦ ኧርዝ የተያያዘበትን ብረት ነክቷል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

«ብሬከሩ ወርዶ እንዴት?» ይላል ሰው፤ ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ይሳሳታል። ተራው ባለአንድ ምሰሶ ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው። ኒውትራሉ ከሌሎቹ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ቤቱ ውስጥ ከባድ ነገር ካልበራ ኒውትራልና መሬት በቮልት እኩል ሊባሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቢነካኩም የሚያልፍ ከረንት እምብዛም የለም፣ አርሲዲዋም ዝም ትላለች። ምጣዱ ሲሰካ ግን ከፖሉ እስከ ቤት ባለው ሽቦ ላይ 16 አምፔሩ ሲመለስ ኒውትራሉን ሁለት ቮልት ያህል ከፍ ያደርገዋል። የመሬቱ መንገድ 50 ኦም ቢሆን ሁለት ቮልት ለ50 ሲካፈል 40 ሚሊአምፔር ነው። ያ ሁሉ በበረንዳው በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፤ እሷም ጉድለቱን አይታ ትጥላለች። ምጣዱ ሰበብ ሆነ እንጂ አላጠፋም።

ስለዚህ ፍለጋው ብሬከር በማውረድ አያልቅም። መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ከሶኬት ይነቀል፤ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ከዚያ ባለሙያ ዋናውን አጥፍቶ የየመስመሩን ኒውትራል አንድ በአንድ ይፍታ፣ ከኧርዝ ጋር ያለውንም ኢንሱሌሽን ሜገር በሚባለው መለኪያ ይለካ። ክረምት ላይ የውጭ መብራትና ሳይሠራ የከረመ የውኃ ማሞቂያ ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ እርጥበት ይወዳቸዋል።

እውነተኛ ሐሰተኛ መጣልም አለ። ኮምፒውተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ በውስጡ ባለው ማጣሪያ በኩል አንድ ሚሊአምፔር ገደማ ወደ ኧርዝ ይለቃል። ባለ30ዋ አርሲዲ ከ15 ሚሊአምፔር ጀምሮ እንድትጥል ይፈቀድላታል፤ አሥራ አምስት ኮምፒውተር በአንዷ ላይ የጫነ ቢሮ ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ማጣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሞሉ ትጥላለች። መፍትሔው ጭነቱን ለሁለት አርሲዲ ማካፈል ነው።

የሚያናድደኝ በሽቦ አልፈዋት የሚያገናኙት፣ አለዚያም በ300 ሚሊአምፔር የሚቀይሯት ናቸው። 300ው ለእሳት አደጋ የተሠራ ነው፤ በእሱ ተማምኖ ልጅን እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ማቆም አይቻልም።

የመሞከሪያ ቁልፏንም በየጥቂት ወሩ ተጫኗት፤ ካልጣለች ትቀየር። ከጣለች የራሷ አሠራር ደህና ነው፤ የኧርዝ ሽቦ መኖሩን ግን አትናገርም፤ ቁልፏ የምትሞክረው በገዛ ውስጧ ባለ ሬዚስተር ነውና። ኧርዙን በመሣሪያ አስለኩ።