ተጨማሪ መረጃ፦ ንጹሕ ኃይል ከምርጫ ቅስቀሳ እስከ ሕግ

ፓርቲዎች ለሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ለመራጩ የሚገቡትን ቃል በምርጫ ማኒፌስቶ ያሰፍራሉ። ይህ ቃል እንዴት ሕግ እንደሚሆን የጀርመን ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

የአረንጓዴዎች ፓርቲ በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1980 ተመሠረተ። የኑክሌር ኃይልን በመቃወምና የአካባቢ ጥበቃን በማስቀደም በዚያው ዓመት ቢወዳደርም፣ ፓርላማ ለመግባት የሚጠየቀውን 5 በመቶ ድምፅ አላገኘም። በ1983 ግን 5.6 በመቶ አግኝቶ ገባ። በ1998 ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር ጥምር መንግሥት መሠረተ፤ በ2000 ደግሞ ምክር ቤቱ የታዳሽ ኃይል ሕግን አጸደቀ።

ሕጉ የሠራው እንዲህ ነው፦

• ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከመሳሰሉት የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ወደ ዋናው መስመር ለመግባት ቅድሚያ አገኘ።
• አምራቹ ለ20 ዓመት የተወሰነ ዋጋ እንዲከፈለው ዋስትና ተሰጠው። በዚህም ገበሬዎችና ተራ ቤተሰቦች ጭምር ኃይል አምራች ሆኑ።
• ተጨማሪው ወጪ እስከ 2022 ድረስ በተጠቃሚዎች የመብራት ሂሳብ ላይ ይታከል ነበር፤ ይህም ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

በ2000 ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከታዳሽ ምንጮች የሚገኘው 6 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2023 ከግማሽ በላይ ሆነ።

ስለዚህ «ለውጥ አመጣለሁ» የሚል ዕጩ ሲገጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛውን ሕግ ያወጣል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? በምክር ቤቱ ውስጥ ከማን ጋር ተባብሮ ያጸድቀዋል?