ስምንተኛው ወር ኦገስት አይደለም፦ ስለ ኩዌከሮች የዘር ሐረግ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«22ኛ ቀን፣ 8ኛ ወር፣ 1734»። በኩዌከሮች አጻጻፍ የዳንኤል ቡን የልደት ቀን ይህ ነው። ቡን በአሜሪካ ታሪክ ዝነኛ አዳኝና መንገድ ከፋች ነበር፤ የተወለደው ግን በፔንስልቬንያ ቅኝ ግዛት፣ ከኩዌከር ቤተሰብ ነው። ቀኑን ያየ የዘር ቆጣሪ ሳያመነታ «ኦገስት 22» ብሎ ይገለብጠዋል። ተሳስቷል።

ኩዌከሮች ራሳቸውን «ወዳጆች» ይላሉ። ማኅበራቸው በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ በተባለ ሰባኪ ዙሪያ በእንግሊዝ አገር ተነሣ። የዚያ ዘመን ኩዌከር ቄስ የለውም፤ በውኃ አይጠመቅም፤ አይምልም፤ ጦር አያነሣም። በየወሩ ግን ይሰበሰባል፤ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። በዚህ የተነሣ «ኩዌከር አያት ያለው ሰው ዘሩን ለመቁጠር አይቸገርም» የሚል ዝና ወጥቷል። ዝናው ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሲፈተሽ የሚከተለውን ይመስላል፤ ማስረጃችን በአብዛኛው የቡን ቤተሰብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመለካከት፦ «8ኛ ወር» ማለት ኦገስት ነው።

እውነታው፦ ኩዌከሮች የወራትን ስም አፋቸው ላይ ማኖር አልወደዱም። ጃንዋሪ ከጃኑስ፣ ማርች ከማርስ፣ ማለትም ከጣዖታት ስም የወጡ ናቸውና በቁጥር ይጽፏቸው ነበር። ቆጠራው ደግሞ የሚነሣው ከማርች ነው፤ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ ዓመቱን የሚለውጡት በማርች 25 ስለነበር። 8ኛው ወር ኦክቶበር መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ በላቲን «ኦክቶ» ስምንት ነው።

ይህ የተለወጠው በ1752 ነው። ጃንዋሪ 1ኛ ወር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው ሲነጋ ሴፕቴምበር 14 ላይ ነቃ። ስለዚህ ቡን በአሮጌው አቆጣጠር ኦክቶበር 22፣ በአዲሱ ኖቬምበር 2 ተወለደ እንላለን። እሱ ራሱ ኦክቶበሩን እንደያዘ ኖረ። ወላጆቹ ስኳየር ቡንና ሳራ ሞርጋንም በፔንስልቬንያ በሚገኘው የግዊኔድ ጉባኤ የተጋቡት በ1720 በ7ኛው ወር በ23ኛው ቀን ነው። በብዙ የዘር ዝርዝሮች «ጁላይ 23» ተብሎ የሚገኘው ይኸው ሴፕቴምበር 23 ነው።

ዓመቱም ያሳስታል። በዲሴምበር 1702 የተጻፈ ኑዛዜ «በፌብሩዋሪ 1702 ጸደቀ» ተብሎ ቢገኝ፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ኑዛዜ የጻፈ ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ፌብሩዋሪ የዓመቱ ማብቂያ ላይ የሚውል ወር ነበር፤ ለዛሬ አንባቢ 1703 ነው። አንዱን ቀን በሁለት አቆጣጠር መጥራት ለለመደ አማርኛ አንባቢ ይህ ብዙም አይከብድም።

አመለካከት፦ ስሙ መዝገብ ላይ ከሌለ ኩዌከር አልነበረም።

እውነታው፦ ጥምቀት ስለሌለ የጥምቀት መዝገብ የለም። ልደት የሚጻፈው ቤተሰቡ ሲያስመዘግብ ነው፤ አንዳንዱ አባት ከዓመታት በኋላ የልጆቹን ሁሉ ስም በአንድ ቀን ያስጽፋል። ስለዚህ በአንድ ጉባኤ መጽሐፍ የተገኘ ሕፃን እዚያው መንደር ላይወለድ ይችላል። የአባልነት ደንብም ቢሆን ጠርቶ የወጣው በ1737 የለንደኑ ዓመታዊ ጉባኤ ድሆችን የመርዳት ኃላፊነት የየትኛው ጉባኤ እንደሆነ ሲወስን ነው። የአባላት ልጆች በልደታቸው አባል ተደርገው መቆጠር የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የአባላት ስም ዝርዝር መፈለግ ያልተዘራ ማሳ ላይ አዝመራ መጠበቅ ነው።

በ1827 ደግሞ የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ሂክሳይትና ኦርቶዶክስ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ (ስሙ ይመሳሰል እንጂ ከእኛ ተዋሕዶ ጋር አይገናኝም)። መጽሐፎቹም አብረው ተከፈሉ። ዛሬ የአንዱ መንደር ቃለ ጉባኤ ከፊሉ በስዋርዝሞር ኮሌጅ፣ ከፊሉ በሃቨርፎርድ ኮሌጅ ሊገኝ ይችላል። አንዱን አይቶ «የለም» ማለት አይቻልም።

በልደት መጽሐፍ የጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሌላ ሰው ሠርግ ላይ ነው። ተጋቢዎች ሐሳባቸውን ለሁለት ተከታታይ ወርኃዊ ጉባኤ ያሳውቃሉ፤ ከሌላ ሰው ጋር ያልተሳሰሩ መሆናቸው ይጣራል። ከዚያ ያለ ቄስ፣ በጉባኤው ፊት ቃል ተለዋውጠው ይጋባሉ፤ በቦታው የተገኙትም የጋብቻውን ወረቀት ይፈርማሉ። አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሁሉ ስሙን እዚያ ያኖራል።

አመለካከት፦ አያታችን ከዊልያም ፔን ጋር በ«ዌልከም» መርከብ መጡ።

እውነታው፦ ፔን የፔንስልቬንያን ቻርተር ከንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ያገኘው በ1681 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በ«ዌልከም» ተሻገረ። በጉዞው ላይ ፈንጣጣ ገብቶ 30 ያህል ተሳፋሪ ፈጀ። የመርከቡ ዋና የተሳፋሪዎች ዝርዝር ግን አልተረፈም። የሚጠቀሱት ዝርዝሮች በኋላ ሰዎች ከኑዛዜና ከሌሎች ወረቀቶች የለቃቀሟቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ትውልድ ደግሞ ስም ይጨመርባቸው ነበር። ጆርጅ ማክራከን የተባለ የዘር ሐረግ አጥኚ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ «በዚያች መርከብ መጥተዋል» የተባሉትን ሁሉ አበጥሮ የተረጋገጡ፣ ውድቅ የሆኑና አጠራጣሪ ብሎ ለያቸው።

የዳንኤል አያት ጆርጅ ቡን የደረሰው በ1717፣ ከፔን 35 ዓመት ዘግይቶ ነው። ሆኖም የያዘው ወረቀት ከመርከብ ዝርዝር ይበልጣል፤ በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው የኮለምተን ጉባኤ የተጻፈ፣ መልካም ጠባዩን የሚመሰክር መሸኛ ደብዳቤ። ግዊኔድ ላይ ተነበበ፤ ቃለ ጉባኤውም መዘገበው። አያት ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ የሚለውን ሁለት ጥያቄ በአንድ መስመር መለሰ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን፣ የተመዘገበው ደብዳቤው የተነበበበት ቀን እንጂ እግሩ መሬት የረገጠበት አለመሆኑ ነው።

አመለካከት፦ የሂንሾን መጽሐፍ ያየ ሁሉን አየ።

እውነታው፦ ዊልያም ዌድ ሂንሾ የኦፔራ ዘፋኝ ነበር፤ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ዘፍኗል። በኋለኛው ዕድሜው የኩዌከር መዝገቦችን ማሳጠር ያዘ፤ ሥራውም ከ1936 ጀምሮ በስድስት ቅጽ ወጣ። ትልቅ ውለታ ነው። ግን ጭማቂ እንጂ ፍሬው አይደለም፤ የወራት ክርክር በሁለትና ሦስት ምህፃረ ቃል ታጥፎ ይቀመጣል። ፔንስልቬንያና ኒው ጀርሲን የያዘው ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ የሚሸፍነው አራት ወርኃዊ ጉባኤ ብቻ ነው። የቡን ቤተሰብ የነበረባቸው ግዊኔድና ኤክስተር ከአራቱ ውስጥ የሉም።

አመለካከት፦ ኩዌከር ስለነበሩ ባሪያ አልነበራቸውም።

እውነታው፦ ፔን ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። በጀርመንታውን አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ያቀረቡት በ1688 ነው፤ የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ መያዝን ለአባላቱ የከለከለው ግን በ1776 ነው። በመካከሉ ወደ 90 ዓመት አለ። በዚያ ዘመን ማብቂያ የተጻፉ የነጻነት ወረቀቶች የጌታውን ብቻ ሳይሆን ነጻ የወጣውን ሰው ስም ይዘዋል፤ የእነዚህ ሰዎች ልጅ ልጆችም ዘራቸውን የሚፈልጉት እዚያው ነው።

አመለካከት፦ «ከማኅበሩ ተሰረዘ» ከተባለ የቤተሰቡ ዱካ ጠፋ።

እውነታው፦ የተሰረዘ ሰው ከጉባኤው ውሳኔ ይገለላል እንጂ ጸሎት እንዳይገባ አይከለከልም። የሚያሰርዘውም የግድ ነውር አይደለም። የአሜሪካን ባንዲራ ሰፋች የምትባለው ቤትሲ ሮስ የተሰረዘችው በ1773 ከማኅበሩ ውጭ ስላገባች ነው።

ስኳየር ቡንም የተፈተነው በዚሁ ነው። በ1742 የመጀመሪያ ልጁ ሳራ ኩዌከር ያልሆነ ሰው አገባች፤ አባት በኤክስተር ጉባኤ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ተማረ። በ1747 ወንድ ልጁ እስራኤል እንዲሁ አደረገ። በዚህኛው ጊዜ አባት አልጸጸትም አለ፤ በ1748 ተሰረዘ። የጉባኤው ጸሐፊ ደግሞ የሚጽፈው ለእኛ ሳይሆን ለሥርዓት ማስከበሪያ ነበር። ሥርዓት አክባሪው አያት አራት መስመር ይተዋል፤ ተወለደ፣ አገባ፣ ተዛወረ፣ ተቀበረ። ያስቸገረው ግን ማን እንዳነጋገረው፣ ምን እንደመለሰ፣ የየትኛው ልጅ ጉዳይ እንደሆነ በየወሩ ይጻፍለታል።

ቤተሰቡ በ1750 ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመረ። ስኳየር በኋላ በሰሜን ካሮላይና በሮዋን አውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ዱካው ያለው በፍርድ ቤትና በመሬት መዝገብ ነው። በ1765 ሞተ፤ ሞክስቪል አጠገብ በሚገኘው ጆፓ መካነ መቃብር የእሱም የሚስቱም ድንጋይ አለ። የቀደሙት ኩዌከሮች የመቃብር ድንጋይን እንደ ከንቱ ውዳሴ ይቆጥሩት ነበርና፣ እሺ ብለው የኖሩት ብዙዎቹ ምልክት የላቸውም።

በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለውን ክፍተት የሞላችው ግን ሚስቱ ሳራ ናት። እሷ አልተሰረዘችም ነበር። መንገድ ሲነሡ ለደቡብ ወዳጆች የሚሰጥ መሸኛ ተጠየቀላት፤ ቤተሰቡ ወዴት እንዳቀና ከጉባኤው መጽሐፍ የምናውቀው በዚያ ነው። እንግዲህ ዘር ቆጣሪው «ተሰረዘ» የሚል ሲያነብ መጽሐፉን አይጠፍ። በዚያው ዓመት የተያዘውን የሴቶቹን ቃለ ጉባኤ ያውጣና ሚስቲቱ መሸኛ ጠይቃ እንደሆነ ይይ።