አምፖሉን ማን ይቀይር?

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሊፍት የለም፣ ደረጃው የሁሉም ነው፣ የሁሉም ስለሆነ ደግሞ የማንም አይደለም። ባለፈው ክረምት ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ አምፖል ተቃጠለ።

እኔና ባለቤቴ ማታ ስንገባ በስልካችን መብራት እንወጣ ነበር። በየምሽቱም «ኧረ ይሄ ኮሚቴ ምን ይሠራል?» እንባባላለን። በነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ኮሚቴው «መዋጮ ያልከፈለ ብዙ ነው» አለ። ነዋሪው ደግሞ «ሥራ ሳናይ አንከፍልም» አለ። እንዲህ እያልን ስድስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ምሽት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃው ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጠይቃቸው ስገባ «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ በጊዜ መግባት ነበረብኝ» አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ አምፖል ገዛሁ። ዋጋው ጠዋት ከምጠጣው ማኪያቶና ከምበላው ኬክ አይበልጥም። ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆሞ ገጠመው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ቢሮና ቤት

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሽያጭ ሲቀንስ «ገበያው ቀዝቅዟል» ብዬ ሪፖርት ባቀርብ አለቃዬ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ አንቺ ምን አደረግሽ?» ቤቴ ውስጥ ግን ይህን የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ስቴፈን ኮቪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ስለ ውጤታማ ሰዎች ሰባት ልማዶች በሚያወሳው መጽሐፉ ሁለት ክበቦችን ያሳየናል። ትልቁ ክበብ የሚያሳስበንን ሁሉ ይይዛል፤ ኑሮ ውድነቱን፣ የትራፊክ መጨናነቁን፣ የሰውን ጠባይ። በውስጡ ያለው ትንሹ ክበብ ደግሞ እጃችን የሚደርስበት ነው። ጉልበታችንን ትንሹ ላይ ስናውል ክበቡ ይሰፋል፤ ትልቁ ላይ ስናባክነው ይጠባል። ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ያጠናሁትን ትምህርት ደረጃው ላይ ነው የገባኝ።

ከሀገራችን ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው ረሃብ የጎዳውን ሕዝብ አዩ። ድርቁን ማስቆም አይችሉም ነበር። ሁለት ሕፃናት ይዘው መመለስ ግን ይችሉ ነበር፤ ይዘው ተመለሱ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ ከሃያ በለጡ። ዋጋም ከፈሉ፤ ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት ብዙ ሺህ ልጆችን አሳድጎ ነበር።

ከየት ይጀመር?

ሁላችንም አበበች ጎበና አንሆንም። እኔ ግን ከአንድ አምፖል የተማርኳቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

*ትንሹን ቁራጭ ምረጡ።* «ግቢያችን ይስተካከል» ማለት ሥራ አይደለም። «የሁለተኛ ፎቅ አምፖል ይቀየር» ግን ሥራ ነው።

*ከሠራችሁ በኋላ ጠይቁ።* የበራውን ደረጃ ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩና «የምድር ቤቱም ጠፍቷል፤ መሰላል ያለው ማነው?» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። «ለምን አይሠራም?» ስል ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ የመጣልኝ ክርክር ብቻ ነበር።

*ሸክሙን አካፍሉ።* ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ በየፎቁ አንድ ቤት በየወሩ ተራ ይዞ የደረጃውን መብራት ይከታተላል። ሁልጊዜ እኔ ብቀይረው ኖሮ እስካሁን ሰልችቶኝ እተወው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር አልተፈታም። ውኃ አሁንም የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። መዋጮ የማይከፍሉ ጎረቤቶችም አሉ። የእኚያ እናት እጅ ደግሞ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ያማቸዋል። ስድስቱን ሳምንት መመለስ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስንገባ ደረጃው ጨለማ ነበር። ስልኬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ የስድስት ዓመቱ ልጄ ቀደመኝ፦

«እማዬ፣ ወንበሩን ላምጣ?»