ወተት ውስጥ መርዝ የምታድን የዲኤንኤ ክር

ከአያት በለገጣፎ በኩል አልፎ ወደ ሰንዳፋ የሚዘልቀው መንገድ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚገባባቸው አንዱ ነው። ወተቱ ሲደርስ ቢቀመስም ቢሸተትም የማይታወቅ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አፍላቶክሲን። መርዙ ሻጋታ ከያዘው መኖ፣ በተለይ ከኑግ ፋጉሎ ይመጣል። ላሟ ስትበላው ጉበቷ ኤም1 ወደሚባለው ዓይነት ይለውጠውና ከወተቷ ጋር ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያስከትላልና በወተት ለሚያድጉ ሕፃናት ልንሰጋ ይገባል።

ከአያት በቀላል ባቡሩ ጥቂት ፌርማታ ወረድ ብሎ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ግቢ አለ። ተመራማሪዎቹ ሰንዳፋን ጨምሮ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን ሲመረምሩ ከመርዙ ነፃ የሆነ አንድም አላገኙም። 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረባቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው 0.05 ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ ፍሪጅና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። ዲኤንኤ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዘር መልእክት ተሸካሚነቱን ለጊዜው እንርሳውና እንደሚታጠፍ ክር እንየው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በዲኤንኤ ዘመድ በአርኤንኤ አንድ ብልሃት አሳዩ፣ በኋላም በዲኤንኤ ተሠራበት፤ በዘፈቀደ የተሠሩ እልፍ አእላፍ ክሮችን ከሚፈለገው ነገር ጋር ማገናኘት፣ የተጣበቁትን ለይቶ ማባዛት፣ ይህንንም ደጋግሞ ማድረግ። በመጨረሻ የሚተርፉት ያንኑ ነገር አጥብቀው የሚይዙት ናቸው። አፕታመር ይባላሉ።

የአፕታመሩ አንድ ጫፍ በወርቅ ኤሌክትሮድ ላይ ይተከላል፤ በሌላው ጫፍ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ቀለም ይንጠለጠላል። መርዙን ሲይዝ ክሩ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ከወርቁ ያለው ርቀት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት የሚለዋወጠውን ኤሌክትሪክ የስኳር ሕሙማን እንደሚይዙት ያለ ትንሽ መሣሪያ ሊያነበው ይችላል። ክሩ በፋብሪካ ይሠራል፤ ደርቆ ይቀመጣል፤ እንደ ፕሮቲን ቶሎ አይበላሽም።

ችግሩ ወተቱ ራሱ ነው። ቅባቱና ፕሮቲኑ ወርቁን ይሸፍኑታል፤ የሚፈለገው መጠንም እጅግ ኢምንት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን በመጀመሪያ ፋጉሎ መሸጫው ላይ ባየው እመርጣለሁ። በዚያው የኢልሪ ጥናት በመኖው ውስጥ የተገኘው መርዝ በኪሎ እስከ 419 ማይክሮግራም ይደርስ ነበር። ይህን ያህሉን ለመለየት ክሩ ያን ያህል አይቸገርም፤ የተበከለው ፋጉሎም ላሟ አፍ ሳይገባ ይቀራል።