ስለ ጧት ምግብ፤ ይኸውም ለዘወትር የሚሆን ጤናማ ቊርስ ስለ መምረጥ

ቊርስ የሚባለው ቃል ቈረሰ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። እንጀራው ወይም ዳቦው ተቈርሶ በቤት ላሉት ሁሉ የሚካፈል መሆኑን ስሙ ራሱ ያስታውሳል። በኦሮምኛም ቺሬ ይባላል። ነገር ግን በብዙ ቤት ዛሬ ቊርስ የሚባለው፤ እናት ቡና ስታፈላ ከሚቀርበው የቡና ቊርስ ልጁ በእጁ ዘግኖ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥበት አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ ነው። ይህም የማይበቃ መሆኑን መምህራንና ሽማግሎች ሊያውቁትና ለወላጆች ሊያስረዱት ይገባል።

ለምሳሌ የሐሮ ወንጪን አገር እንመልከት። ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ወንጪም በአምቦና በወሊሶ መካከል፤ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ሰፊ ጕድጓድ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ሲሆን፤ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ደሴት በውስጡ አለች። በዙሪያው ያለው ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጧቱ ብርዳም ነው፤ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ልጅ ማታ በ2 ሰዓት ራቱን በልቶ ቢተኛ፤ ጧትም ሳይበላ ወጥቶ ምሳውን ቀን በ6 ሰዓት ቢያገኝ፤ በመካከሉ 16 ሰዓት ያልፋል። ጧት በ1 ሰዓት ቢበላ ግን ከምግብ ተለይቶ የሚቈየው 11 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ እርሱንም አብዛኛውን በእንቅልፍ ያሳልፈዋል።

ይህ ልዩነት ለትምህርት ታላቅ ነገር ነው። የሰው አንጐል ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያጠፋው ኀይል አምስተኛውን ያህል ለብቻው ይወስዳል፤ በልጅ ዘንድ ደግሞ ድርሻው ከዚህ ይበልጣል። ብርዱም ዳገቱም የየድርሻቸውን ይጠይቃሉ። እንግዲህ ጧት ምንም ሳይቀምስ የመጣ ልጅ በመቀመጫው ላይ ቢያዛጋ፤ የተነገረውን ቢረሳ፤ ከጓደኛው ጋርም ቢጣላ፤ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቅጣቱ በፊት ዛሬ ምን በላህ ብሎ ቢጠይቀው የተሻለ ይሆናል። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፤ ነቢዩ ኤልያስ ወደ ኮሬብ ረጅሙን መንገድ ከመጀመሩ በፊት መልአኩ ቀስቅሶ አስቀድሞ አበላው። ነቢይ ለመንገዱ ስንቅ ካስፈለገው፤ ለሕፃን እንዴት አያስፈልገው?

ጤናማ ቊርስ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ኀይልና ሙቀት የሚሰጥ ነው፤ እርሱም ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቆጮ ነው። ሁለተኛው ሥጋንና አጥንትን የሚሠራ ነው፤ እርሱም ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል ነው። ሦስተኛው ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቅ ነው፤ እርሱም ጐመን፣ ካሮትና ፍራፍሬ ነው። በሁለተኛው ክፍል ያለው ዋናው ነገር ፕሮቲን ይባላል።

በወንጪ ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እንሰትን ይተክላል፤ በኦሮምኛ ወርቄ ይሉታል። ግንዱ ተፍቆ፤ በቅጠሉ ተሸፍኖ በጕድጓድ ይቀበርና ከቦካ በኋላ ቆጮ ይሆናል፤ ከእርሱም ነጩ ቡላ ይወጣል። ዝናም ሲጠፋና እህል ሲነጥፍ በጕድጓድ ያለው ቆጮ ቤቱን ስለሚያቆመው እንሰት ክቡር ተክል ነው። ነገር ግን ቆጮ ኀይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶ እጅ ሁለቱን እንኳ አይሞላም። የደረቀ ባቄላ ግን ከመቶ እጅ 25 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን የበላ ልጅ ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ አይሠራም። ጥፋቱ የቆጮው አይደለም፤ ብቻውን መበላቱ ነው።

መጥገብና መመገብ አንድ አለመሆናቸውን በሌላ አገርም አይተውታል። በ1933 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲስሊ ዊልያምስ የምትባል ሐኪም፤ ዛሬ ጋና በሚባለው አገር፤ ከጡት ከተለዩ በኋላ የበቆሎ አጥሚት ብቻ የሚመገቡ ሕፃናት እግራቸውና ፊታቸው የሚያብጥበትን፤ ጠጕራቸውም የሚሳሳበትን በሽታ ገልጣ ጻፈች። የበሽታው ምክንያት ብዙ መሆኑ ከዚያ በኋላ ቢታወቅም፤ ልጅን በአንድ ዐይነት ምግብ ብቻ ማሳደግ እንደሚጐዳው ግን የተረጋገጠ ነው።

መድኃኒቱ ከሩቅ አይመጣም፤ በጓዳው አለ። ቆጮ ከአይብና ከጐመን ጋር ሲበላ ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ገበታ ተገኙ ማለት ነው። የገብስ ገንፎ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር፤ የገብስ ቅንጬ ከእንቁላል ጋር፤ የተቀቀለ ድንች ከባቄላ ጋር መልካም ቊርስ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተትም ከዚህ አያንስም። በቅቤ የተለወሰው ጩኮ ለብርድ አገር ታላቅ ኀይል ይሰጣል፤ ባቄላ ወይም ወተት ቢጨመርበት ግን የበለጠ ይሆናል። ቆሎም ቢሆን ለሦስት እጅ ገብስ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ቢቀላቀልበት፤ ገብሱ የጐደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ ጥራጥሬው የጐደለውንም ገብሱ ይሞላዋል።

በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ቊርስ ይቀራል ማለት አይደለም። ሕፃናትና ሕሙማን በጾም የማይገደዱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ለሌሎቹም የጾም ምግብ ከጥራጥሬ የተሠራ ከሆነ አይጐዳም። ባቄላ ውሃ ውስጥ አድሮ ሲበቅል በቆልት ይባላል፤ በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት ይበልጥ ይገኛል። የአተር ሽሮ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ የተልባ ወጥ፣ በጥቂት ዘይት የተሠራ ጐመን፤ እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው። ጓያን ግን የዘወትር ምግብ ማድረግ እግርን ያሽመደምዳልና ሊጠነቀቁት ይገባል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በገበያ ቀን እንቁላሉና አይቡ ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ ይወርዳል፤ ከዋጋውም ጥቂቱ ብስኩት፣ ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥ ሆኖ ይመለሳል። ጨውና ልብስ ለመግዛት መሸጥ ግድ ነው፤ ይህ አይነቀፍም። ነገር ግን ልጁን የሚሠራውን ምግብ ሸጦ ጥርሱን የሚያበላሸውን መግዛት ኪሳራ ነው። ከአምስት እንቁላል ሦስቱ ቢሸጥና ሁለቱ ለልጆች ቢቀር ቤቱ አይደኸይም። ደግሞም ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻውን ቊርስ ሊባል አይችልም። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፤ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ቈይቶ መጠጣት ይሻላል፤ ለልጆች ግን ወተት ወይም ንጹሕ ውሃ ይበቃቸዋል።

ምግቡ መልካም ሆኖ ንጽሕና ከጐደለው ጥቅሙ ይጠፋል። ወተት ሳይፈላ ቢጠጣ የሳንባ ነቀርሳና ሌላም የከብት በሽታ ወደ ሰው ሊያመጣ ይችላል። የሻገተ እህል ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። እጅን በሳሙና ወይም በዐመድ መታጠብ፤ የምንጭና የሐይቅ ውሃንም አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፤ ጧት ለማን አስቀድሞ እንደሚቈረስ ማሰብ ይገባል። በብዙ ቤት ሴት ልጅ ከሁሉ አስቀድማ ተነሥታ ውሃ ትቀዳለች፤ እሳት ታነዳለች፤ የትምህርት ሰዓት ሲደርስም ሳትበላ ትወጣለች። ከሁሉ በፊት የሠራችው ከሁሉ በኋላ መብላቷ ወይም ጭራሽ መቅረቷ ፍርድ አይደለም። ይህን ለአባቶች ለመንገር ከሽማግሎች የሚበልጥ የለም።

መምህራንም ልጆቹ ጧት የበሉትን ጠይቀው በመዝገብ ቢጽፉ፤ በወር መጨረሻም ከወላጆች ጋር ቢነጋገሩበት፤ ልጁ ያቃተው በትምህርቱ ነው ወይስ በራብ የሚለው ይለያል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቊርስና ምሳ እንዲሰጥ ተደርጓል። ይህ ባልደረሰበት መንደር ሁሉ ግን የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት የእናት ምድጃ ነው። ማታ ባቄላ መዘፍዘፍና ከራት ላይ ጥቂት ለነገ ማቈየት ቀላል ሥራ ነው፤ ፍሬው ግን በማግሥቱ ጧት በሰሌዳው ፊት ይታያል።